ዛጎል ደርዳሪው አላዋቂ አልነበረም

ፖንዲቼሪ፣ ደቡብ ህንድ፣ 1825። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንድ የታሚል ዘመን ቆጣሪ መሬት ላይ ዛጎል ይደረድራል። ወረቀት አልያዘም፤ ብዕርም የለውም። ያለው ዛጎሉና በቃሉ ያጠናው ነገር ብቻ ነው። የቀረበለት ጥያቄ ግን ቀላል አይደለም። በዚያው ዓመት ከሜይ 31 ለጁን 1 ሌሊት የሚሆነው የጨረቃ ግርዶሽ መቼ እንደሚጀምር፣ መቼ እንደሚጋመስ፣ መቼ እንደሚለቅ አስልቶ እንዲናገር ነው የተጠየቀው። ሰውየው ደረደረ፣ አነሳ፣ ደግሞ ደረደረ፤ መልሱንም ሰጠ። መጀመሪያውን በ4 ደቂቃ ሳተ። መካከሉን በ23፣ መጨረሻውን በ52 ደቂቃ ሳተ።

ታሪኩን ያቆየልን ጆን ዋረን ነው። ዋረን በማድራስ የሰማይ ምርምር ጣቢያ ያገለገለ መኮንን ሲሆን፣ «ካላ ሳንካሊታ» የተባለውን ስለ ደቡብ ህንድ የዘመን አቆጣጠር የሚያትት መጽሐፉን በዚያው ዓመት ማድራስ ላይ አሳትሟል። ስለ ዛጎል ደርዳሪው የሰጠው ፍርድ ባጭሩ ሲነገር ይህ ነው፦ ከህንድ የሥነ ፈለክ ንድፈ ሐሳብ አንዲት ቃል አያውቅም፤ የማስታወስ ችሎታው ግን የሚደነቅ ነው።

ሁለት መቶ ዓመት አለፈ፤ ፍርዱ ግን አላረጀም። ዛሬም የሳይንስ ታሪክ ሲወራ ግሪኮች አሰቡ፣ ዐረቦች አቆዩ፣ ህንዶች ሸመደዱ የሚል ነገር በየመጽሐፉና በየንግግሩ ጓሮ አይጠፋም። አንዳንዱ በጨዋ ቋንቋ ያስቀምጠዋል፤ «የስሌት ልማድ እንጂ ሳይንስ አልነበራቸውም» ይላል። ሐሳቡ ያው ነው። የሚያስገርመው ደግሞ የዚህ ፍርድ ተቃዋሚ ነን የሚሉት፣ የአባቶቻችን ስሌት ከሰማይ የወረደ ነውና አይነካም ባዮቹ፣ ሳያውቁት የፍርዱ አጋር መሆናቸው ነው። አንዱ ወገን ሲንቅ ሌላው ሲሰግድ፣ ሁለቱም የሚያዩት ያልተለወጠና የማይለወጥ ውርስ ነው። እኔ የምከራከረው የህንድ የጨረቃ ስሌት እንዲህ ያለ ነገር ሆኖ አያውቅም ብዬ ነው። ሲሠራ ጀምሮ ሊፈታና ሊጠገን የተሠራ መሣሪያ ነበር፤ ሠሪዎቹም ይህን ያውቁ ነበር።

እስቲ ሽምደዳ የተባለውን ነገር ቀረብ ብለን እንየው። ዘዴው «ቫክያ» ይባላል፤ በሳንስክሪት ዐረፍተ ነገር እንደማለት ነው። ለጨረቃ የተሰናዱ 248 ቫክያዎች አሉ። ትውፊቱ ቫራሩቺ ለሚባል ጥንታዊ ሊቅ ይሰጣቸዋል። እያንዳንዷ ቫክያ ለጆሮ የምትጥም፣ ትርጉም ያላት አጭር ሐረግ ናት፤ አንዷ ስለ አምላክ፣ ሌላዋ ስለ ከብት ትናገራለች። ያ ሰሙ ነው። ወርቁ ቁጥር ነው።

ወርቁ የሚወጣበትን መንገድ አማርኛ አንባቢ ከማንም ቀድሞ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ። ፊደል የቆጠረ ሰው ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ አንድ ቤት መሆናቸውን ያውቃል። የህንዶቹም ፊደል ተነባቢና አናባቢ የተዋሃዱበት ነው። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ አሃዝ ሰጡት፤ አናባቢውን ግን ከቁጥር ነጻ ተዉት። ካ፣ ታ፣ ፓ፣ ያ አራቱም 1 ናቸው፤ የዘዴው ስም «ካታፓያዲ» የተባለውም በእነሱ ነው። ለአንድ አሃዝ ብዙ ፊደል ስላለና አናባቢው ስለማይቆጠር፣ ቃል የሚገጥመው ሰው ቁጥሩን ሳይለቅ ትርጉም የሚሰጥ ሐረግ ማበጀት ይችላል። ሁለተኛዋን ቫክያ እንውሰድ። የምትናገረው ስለ ላሞችና ስለ ሀብት ነው። የሚቆጠሩት ተነባቢዎቿ ድ፣ ን፣ ው፣ ር ናቸው፤ አሃዛቸው 9፣ 0፣ 4፣ 2። ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ 2409፤ ማለትም 24 ዲግሪ ከ9 ደቂቃ። (ደቂቃ ስል እዚህ ላይ የዲግሪን ስድሳኛ እንጂ የሰዓቱን ማለቴ አይደለም።) ጨረቃ ከምድር እጅግ ከራቀችበት ነጥብ ተነስታ በሁለት ቀን ውስጥ በሰማይ ጎዳና የምትጓዘው ይህን ያህል ነው።

የመጀመሪያዋ ቫክያ 12 ዲግሪ ከ3 ደቂቃ ትሰጣለች፤ ሦስተኛዋ 36 ዲግሪ ከ22። አሁን አንዱን ከሌላው ቀንሱት። የመጀመሪያው ቀን ጉዞ 12 ዲግሪ ከ3፣ የሁለተኛው 12 ከ6፣ የሦስተኛው 12 ከ13 ነው። ጨረቃ እርምጃዋን እያፈጠነች ነው። ከምድር ስትርቅ ትዘገማለች፣ ስትቀርብ ትሮጣለች፤ የሐረጎቹ ዝርዝር ይህን ፍጥነትና ዝግመት በየቀኑ እግር በእግር ተከትሎ ይዞታል። የእኛው ባሕረ ሐሳብ በአበቅቴና በመጥቅዕ የሚያወጣው አማካይዋን ጨረቃ ነው፤ ለተፈለገበት ጉዳይም ይበቃል። ይህን ማንሳቴ ዝምድና ለመፍጠር ሳይሆን ልዩነቱ እንዲታይ ነው። ቫክያ የሚያሳድደው የዛሬዋን፣ እውነተኛዋን ጨረቃ ነው።

ለምን 248? ጨረቃ ከሩቁ ነጥብ ተነስታ ወደዚያው ለመመለስ 27.5546 ቀን ያህል ይፈጅባታል። ይህ ዘጠኝ ጊዜ ሲደጋገም 247.99 ቀን ይሆናል፤ ለ248 የቀረው የሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በ248ኛው ቀን ዝርዝሩ ያልቅና ከ«አንድ» ይጀምራል። ሩብ ሰዓቷ ግን እየተጠራቀመች ማስቸገሯ አይቀርም። ለእሷም መላ ተበጅቶላታል፤ 110 ዙር 3,031 ቀን ላይ፣ 449 ዙር ደግሞ 12,372 ቀን ላይ ይገጥማል። አስሊው ከአንድ የታወቀ ቀን ወዲህ ያለፉትን ቀናት ቆጥሮ በሦስት ወንፊት ያሳልፋቸዋል፤ በ12,372፣ የተረፈውን በ3,031፣ ከዚያም የተረፈውን በ248። በየወንፊቱ ስንት ጊዜ እንደወጣ ተቆጥሮ ለእያንዳንዱ የተመደበው ዲግሪ ይደመራል። በመጨረሻው ወንፊት የቀረችው ቁጥር የትኛዋ ቫክያ እንደምትጠራ ትናገራለች። ዛጎሉ ለዚህ ዓይነቱ ድርደራ ነው።

ካልኩሌተር ያለው አንባቢ አንድ ነገር እንዲሞክር እጠይቃለሁ። የጨረቃ አማካይ የቀን ጉዞ 13.17635 ዲግሪ ነው። በ248 ያባዙት፤ 3267.73 ይመጣል። ዘጠኝ ሙሉ ዙር፣ ማለትም 3240፣ ይቀንሱ። የቀረው 27.73 ዲግሪ ነው፤ ወደ ደቂቃ ሲለወጥ 27 ዲግሪ ከ44 ደቂቃ። የመጨረሻዋ፣ 248ኛዋ ቫክያ ውስጥ የተደበቀው ቁጥር 27 ዲግሪ ከ44 ደቂቃ ነው። እኔ ይህን ሳባዛ የተሰማኝ ነገር ስለ «ሽምደዳ» ያለኝን ትዕግስት ጨርሶ አሳጥቶኛል።

ማሰብ አልነበረም የሚለው ሰው ማድሃቫን ምን እንደሚያደርገው እንጃ። የሳንጋማግራማው ማድሃቫ በ14ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ኬረላ ውስጥ ተወልዶ እስከ 15ኛው መጀመሪያ የኖረ የሒሳብ ሊቅ ነው። 248ቱን ቫክያዎች እንደገና አስልቶ፣ በደቂቃ ይቆሙ የነበሩትን እስከ ሴኮንድ አደረሳቸው። የመጀመሪያዋ 12 ዲግሪ ከ3 ደቂቃ የነበረችው በእሱ እጅ 12 ዲግሪ ከ2 ደቂቃ ከ35 ሴኮንድ ሆነች፤ አዲስ ቁጥር ስለያዘች አዲስ ሐረግም ተሰካላት። ሸምዳጅ የሸመደደውን አያርምም፤ ማድሃቫ ግን 248ቱንም አርሟል።

ይህም ሳያንሰው «ቬንቫሮሃ» የተባለ ድርሰት ጻፈ፤ ትርጉሙ ቀርከሃ መውጣት ማለት ነው። ችግሩ ይህ ነበር፦ ቫክያዎቹ የሚሰጡት ለፀሐይ መውጫ ብቻ ነው፣ በቀን አንዴ። በቀኑ መካከል ጨረቃ የት ናት? አዲስ ሠንጠረዥ መሥራት ይቻል ነበር። ማድሃቫ ግን አሮጌውን ሠንጠረዥ በሌላ ዓይን አየው። ዘጠኝ ዙር 248 ቀን ከሆነ አንዱ ዙር 27 ቀን ከ5 ዘጠነኛ ነው። ስለዚህ ጨረቃ ወደዚያው የፍጥነት ደረጃ ስትመለስ የቀኑ ሰዓት ይለያል፤ ያኔ ንጋት ከነበረ አሁን ከቀኑ 5 ዘጠነኛው አልፏል። ከሌላ ዙር በኋላ ደግሞ በሌላ ሰዓት ላይ ትመጣለች። ዘጠኙን ዙሮች ብንዞር የቀኑን ዘጠኝ ክፍሎች በሙሉ እናዳርሳለን። በሌላ አነጋገር፣ ለንጋት ብቻ ተሰልተዋል የተባሉት 248 ቁጥሮች በየ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃው የጨረቃን ቦታ ደብቀው ይዘው ነበር። የሚያስፈልገው ከየትኛው ዙር የቱን ቫክያ መጥራት እንዳለብን ማወቅ ነው፤ እንደ ቀርከሃ አንጓ ከአንዱ ወደ አንዱ መውጣት። የራሱን ሠንጠረዥ የውስጥ አሠራር ያልተረዳ ሰው ይህን ሊያገኝ አይችልም።

«ማድሃቫስ እሺ፣ ዛጎል ደርዳሪው ግን ምንም አያውቅም ነበር» ይባል ይሆናል። እውነት ነው እንበል። እስቲ ዓይናችንን ወደ ለንደን እንመልስ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መርከበኛው በባሕር ላይ ያለበትን ቦታ ለማወቅ የጨረቃን ከከዋክብት መራቅ ይለካ ነበር። ኔቪል ማስኬላይን ለ1767 ያዘጋጀው የመጀመሪያው የእንግሊዝ የባሕር ተጓዦች ሠንጠረዥ ይህን ርቀት በየሦስት ሰዓቱ ይሰጥ ነበር። ቁጥሮቹን ያሰሉት በየቤታቸው ተቀምጠው በተሰጣቸው መመሪያ የሚደምሩና የሚቀንሱ ተቀጣሪዎች ናቸው። ሠንጠረዡን የሚጠቀመው መርከበኛም ከስሌቱ በስተጀርባ ያለውን የቶቢያስ ማየርን የጨረቃ ንድፈ ሐሳብ እንዲያውቅ የሚጠብቅበት አልነበረም። መጽሐፉን ገለጠ፣ ቁጥሩን አነሳ፣ ደመረ፣ ቀነሰ፤ መርከቡም ወደብ ደረሰ። ታዲያ ስለዚያ መርከበኛ ንድፈ ሐሳብ አንዲት ቃል አያውቅም ብሎ ሥልጣኔውን የወቀሰ አለ? የሥራ ክፍፍል ተባለ፤ የባሕር ኃይል ጥበብ ተባለ። ፖንዲቼሪ ላይ ግን ያው ክፍፍል፣ አንዱ ቀምሮ ሌላው የሚያሰላበት ሥርዓት፣ የድንቁርና ማስረጃ ሆነ። ልዩነቱ መርከበኛው መጽሐፍ መያዙ፣ ታሚሉ ደግሞ መጽሐፉን በራሱ ውስጥ መያዙ ነው።

የማስኬላይን ሠንጠረዥ ትክክለኛነት ከቫክያ እጅግ ይበልጣል፤ ይህን አልክድም። የምከራከረው ስለ ትክክለኛነት አይደለም። ምን ማወቅ «ማወቅ» እንደሚባል ለሁለቱ ሰዎች ሁለት ሚዛን መውጣቱን ነው የምቃወመው።

ሁለተኛው ክስ ብድር ነው። «ይህ ሁሉ ከባቢሎንና ከግሪክ የመጣ ነው» ይባላል። የሥነ ፈለክ ታሪክ ተመራማሪው ኦቶ ኖይጌባወር በ1952 ባሳተመው የታሚል ሥነ ፈለክ ጥናት የዋረንን ዘገባ ከሸክላ ጽላትና ከፓፒረስ ጋር አስተያይቶ 248ና 3,031 ቀድሞም የሚታወቁ ቁጥሮች መሆናቸውን አሳይቷል። ህንዶቹም አልደበቁም። ቫራሃሚሂራ በ6ኛው ክፍለ ዘመን «ፓንቻሲድሃንቲካ» ውስጥ ከሰበሰባቸው አምስት ሥርዓቶች አንዱ «ሮማካ» ይባላል፤ ከሮማውያን ምድር የመጣ መሆኑን በስሙ ይናገራል። ይሁን። ግሪኮችም የጨረቃን ዑደት ከባቢሎን ወሰዱ፤ በዚህ የተነሳ ሒፓርከስን ሸምዳጅ ያለው የለም። የብድር ጥያቄ ጥሩ የሚሆነው ተበዳሪው በገንዘቡ ምን ሠራበት ተብሎ ሲቀጥል ነው። አርያብሃታ በ499 በጻፈው ድርሰት በ4,320,000 ዓመት ውስጥ ጨረቃ 57,753,336 ጊዜ ትዞራለች ይላል፤ የዚያ ዘመን ቀናት ደግሞ 1,577,917,500 ናቸው። የፀሐይን ዙር ቀንሳችሁ ካካፈላችሁ ከአዲስ ጨረቃ እስከ አዲስ ጨረቃ 29.53058 ቀን ታገኛላችሁ። ከዛሬው የሥነ ፈለክ ቁጥር የሚለየው ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ነው።

ሦስተኛው ክስ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልየው። የጥንቱ ህንዳዊ ስሌት ጨረቃን ከአማካይዋ የሚያርመው በአንድ እርማት ብቻ ነው። እርማቱ ሲበዛ 5 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በአርያብሃታም «ሱርያ ሲድሃንታ» በተባለው የሥነ ፈለክ ድርሰትም። እውነተኛው ግን 6 ዲግሪ ከ17 ደቂቃ ያህል ነው፤ በላዩም ላይ በጨረቃና በፀሐይ አቀማመጥ የሚወሰን፣ ኢቬክሽን የተባለ፣ ከ1 ዲግሪ የሚበልጥ ሁለተኛ እርማት አለ። ግሪካዊው ፕቶለሚ በ2ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ያውቅ ነበር። «እነሱ ለምን አላወቁም? ሰማይን ስለማያዩ!» ይባላል።

መልሱ ከክሱ ውስጥ አለ። በአዲስ ጨረቃና በሙሉ ጨረቃ ጊዜ ሁለተኛው እርማት ከመጀመሪያው ላይ ይቀነሳል። ስድስቱ ከሩብ አንዱ ከሩብ ሲነሳለት የሚቀረው አምስት ነው። የህንዶቹ 5 ዲግሪ ከየት እንደመጣ ይህ ይነግረናል፤ ሰማይን አይተዋል፣ ያዩት ግን ግርዶሽ ነው። ግርዶሽ የሚሆነው በአዲስና በሙሉ ጨረቃ ብቻ ነው። ግርዶሽ ደግሞ ለዓይን የማይዋሽ ፈተና ነው፤ ጀመረ፣ አለቀ ይባላል። ስለዚህ መሣሪያቸው የተቃኘው በሚፈተንበት ቦታ ነበር፤ እዚያም ሠራ። የተሳሳተው በግማሽ ጨረቃ አካባቢ፣ እስከ ሁለት ዲግሪ ተኩል ድረስ ነው። ጉድለት ነው፤ ጉድለት ግን ሰማይን ያለማየት ማስረጃ አይሆንም።

የፕቶለሚ ነገር ሲነሳ ደግሞ አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። የእሱ ንድፍ የጨረቃን አቅጣጫ አስተካክሎ ርቀቷን አበላሸ። በንድፉ መሠረት ግማሽ ጨረቃ አንዳንዴ ከሙሉ ጨረቃ ጋር ሲነጻጸር ወደ ምድር በግማሽ ያህል መቅረብ አለባት። ያ ማለት ለዓይን እጥፍ ያህል ገዝፋ መታየት ነበረባት። ይህ እንዳልሆነ ማንም እረኛ ያውቃል። ፕቶለሚን ግን «ሰማይን አያይም» ያለው የለም። በህንድ በኩል ሙንጃላ የተባለው ሊቅ በ932 በደረሰው «ላጉማናሳ» ሁለተኛውን እርማት በስሌት ደንብ መልክ አስገብቶታል፤ ኒላካንታም በ1500 ገደማ በጻፈው «ታንትራሳንግራሃ» ይዞታል። ስለዚህ «አላወቁም» የሚለውም ቢሆን ከ10ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ላለው አይሠራም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ፣ ወደ ጥገናው ልምጣ። ኬረላ ውስጥ በ683 ሃሪዳታ የአርያብሃታን ቁጥሮች አርሞ «ፓራሂታ» የተባለውን ሥርዓት አቆመ። ዘመናት አለፉ፤ ቁጥሩ ከሰማይ እየራቀ ሄደ። የማድሃቫ ተማሪ የነበረው ፓራሜሽቫራ በኒላ ወንዝ አፍ አጠገብ እየኖረ ለ55 ዓመታት ያህል ግርዶሾችን ተከታተለ። ስሌቱ የሚለውንና ዓይኑ ያየውን ጎን ለጎን አስቀመጠ። በ1431 «ድሪግጋኒታ» የተባለ አዲስ ሥርዓት አወጣ፤ ስሙ ራሱ ካየነው ጋር የሚስማማ ስሌት ማለት ነው። የፓራሜሽቫራ ልጅ ያስተማረው ኒላካንታ ደግሞ «ጂዮቲርሚማምሳ» በተባለው ድርሰቱ ነገሩን ወደ ክርክር አወጣው። ቁጥሮቹ በመለኮት የተሰጡ ናቸው፣ ሊለወጡ አይችሉም የሚሉ ነበሩ። ኒላካንታ አይደለም አላቸው፦ የቀደሙት ሥርዓቶች በየዘመናቸው ትክክል ነበሩ፤ አሁን ከሰማይ ጋር ካልተስማሙ የሚስማማውን መፈለግ የሊቃውንት ሥራ ነው። ይህ የተጻፈው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ነው። የጻፈውም በሳንስክሪት ለሳንስክሪት አንባቢዎች ነው፤ አውሮፓን የሚያስደስትበት ምክንያት አልነበረውም።

ይህ መንፈስ በኬረላ ብቻ አልቀረም። ቻንድራሴካራ ሳማንታ በ1835 በኦዲሻ፣ ካንዳፓራ በምትባል ትንሽ ግዛት ተወለደ። የተማረው ሳንስክሪት ነው። በጎልማሳነቱ የመጽሐፉን ጨረቃና የሰማዩን ጨረቃ ሲያስተያይ አልገጥም አሉት። ከቀርከሃና ከእንጨት መለኪያ ሠራ፤ ለዓመታት በባዶ ዓይኑ ለካ። በመጨረሻ ሦስት እርማቶችን በራሱ መንገድ አገኘ፤ ኢቬክሽንን፣ ታይኮ ብራሄ አውሮፓ ውስጥ ያገኘውን በየግማሽ ወሩ የሚመላለሰውን ለውጥ፣ እና ዓመታዊውን። ከአውሮፓ በኋላ መሆኑ ግልጽ ነው። ነገር ግን ያገኘው ከአውሮፓ አይደለም። ያገኘው ስሌትህን ከሰማይ ጋር አስተያይ ከሚል የራሱ ትምህርት ቤት ነው። «ሲድሃንታ ዳርፓና»ን በዘንባባ ቅጠል ላይ ጻፈው፤ በ1899 ካልካታ ላይ ታተመ። የፑሪው የጃጋናት ቤተ መቅደስ ሥርዓቶች ዛሬም በእሱ ስሌት ይመራሉ።

እስከ አሁን የወቀስኩት ናቂዎቹን ነው። ሰጋጆቹም አይቀሩም። እነሱ ዘንድ አንድ ተረት ተወዳጅ ነው፤ ተረቱ ግን እውነት ነው። ፈረንሳዊው ለ ዣንቲ ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ለማየት ወደ ህንድ ተጉዞ በ1761 በጦርነት ምክንያት ባሕር ላይ ቀረ፣ በ1769 ደግሞ ፖንዲቼሪ ላይ ደመና ጋረደው። እዚያው ሳለ የታሚሎችን የግርዶሽ ስሌት ተማረ። የኦገስት 30፣ 1765 ግርዶሽ ምን ያህል እንደቆየ ሲያስተያይ የታሚሉ ስሌት በ41 ሴኮንድ አሳጥሮ፣ የማየር ሠንጠረዥ በ68 ሴኮንድ አስረዝሞ አገኘው። ይህ በየመድረኩ እንደ ድል ይነገራል። ድል አይደለም። አንድ ግርዶሽ ነው፣ የሚለካውም ርዝመት እንጂ ሰዓት አይደለም፤ በሚቀጥለው ግርዶሽ ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል። የ1825ቱ 52 ደቂቃ ዘዴውን እንደማይቀብረው ሁሉ የ1765ቱ 41 ሴኮንድም አያነግሠውም። ከዚህ የባሰው ደግሞ የቤዪ ነገር ነው። ፈረንሳዊው ቤዪ በ1787 ባወጣው መጽሐፍ ህንዶች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3102 ሰማይን በዓይናቸው ለክተው ነበር አለ። ያ ዓመት ወደ ኋላ ተሰልቶ የተገኘ የዘመን መነሻ እንጂ የልኬት ዓመት አልነበረም፤ የሒሳብ ሊቁ ላፕላስም አልተቀበለውም። ዛሬም የሚያስተጋቡት አሉ።

የሰጋጆቹ ጥፋት በወሬ ብቻ ቢቀር ባልከፋ። በታሚል ናዱ ሁለት ዓይነት የዘመን መጽሐፍ ይታተማል፤ አንዱ «ቫክያ»፣ ሌላው ከሰማይ ጋር የተስተካከለው «ቲሩካኒታም»። ብዙ ቤተ መቅደሶች የመጀመሪያውን ይዘዋል። የህንድ የጨረቃ ቀን፣ «ቲቲ» የሚባለው፣ ጨረቃ ከፀሐይ በ12 ዲግሪ የምትርቅበት ጊዜ ነው፤ እንደ ፍጥነቷ ከ19 እስከ 26 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ስሌቱ በሁለት ዲግሪ ቢስት የቲቲው መግቢያ በሰዓታት ይዛነፋል። መዛነፉ መግቢያውን ከንጋት ወዲያ ወይም ወዲህ ባሻገረው ቁጥር ደግሞ ጾሙ በአንድ ቀን ይለወጣል። 11ኛውን ቲቲ የሚጾም ቤተሰብ በአንድ መንደር ማክሰኞ፣ ጎረቤቱ ረቡዕ ሊጾም ይችላል። በሜግናድ ሳሃ የሚመራው የመንግሥት ኮሚቴ በ1952 ተቋቁሞ በ1955 ሪፖርቱን ሲያቀርብ በአገሪቱ 30 ያህል የዘመን አቆጣጠሮች ሥራ ላይ እንደነበሩ አግኝቷል። ብሔራዊው የሳካ አቆጣጠር በማርች 22፣ 1957 ታወጀ፤ የየቤተ መቅደሱ ክርክር ግን እዚያው አለ።

ያልታረመውን የሚያትሙት «የአባቶቻችን ነው» ይላሉ። የየትኛው አባት? ሃሪዳታ አርሟል። ማድሃቫ አርሟል። ፓራሜሽቫራ 55 ዓመት ጠብቆ አርሟል። ኒላካንታ አይታረምም ባዮችን በጽሑፍ ሞግቷል። ሳማንታ በቀርከሃ አርሟል። በእነዚህ ሰዎች ስም ሳያስተካክሉ ማተም የዋረንን ፍርድ በገዛ እጅ ማተም ነው።

ለታሪክ ጸሐፊዎች የምለው የለኝም፤ ቬንቫሮሃን አንድ ጊዜ ከካልኩሌተር ጋር ቢያነቡት ይበቃቸዋል። ለዘመን መጽሐፍ አታሚዎች ግን አንድ ልመና አለኝ። ቫክያችሁን አትተዉ፣ ዛጎሉንም አትጣሉ። በመጽሐፋችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ከአምላኩ ሥዕል ሥር፣ ቁጥሮቹ ከሰማይ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የተመሳከሩበትን ዓመት ጻፉ።